ድንኳኑን ማን ፈቀደ?

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ እናቶቼ አባቶቼ። ዱዓው ተደርጓል አቦሉም ወርዷል፣ ስለዚ ስለ ቅሬያችን፣ ስለ እድራችን ማለቴ ነው፣ ሳላንዛዛ ልናገር።

ባለፈው ሐምሌ ትልቁ ድንኳናችን ለሰርግ ተከራይቶ ሄደና አንድ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተተርትሮ መጣ። እዛው ሳምንት ደግሞ ሀዘን ገባብን፣ የጦሳ ተራራን ዝናብ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ሁለት ጎረምሳ በተቀደደው በኩል ላስቲክ ወጥረው ይዘው አመሹ። በነጋታው ማን ነው ያከራየው ብዬ ብጠይቅ የቅሬው ዳኛ «ኮሚቴው ነው» አሉኝ፣ ገንዘብ ያዡም «ኮሚቴው»፣ ቁልፍ የሚይዘው ልጅ «ደውለው ስጥ አሉኝ ሰጠሁ» አለ፣ ማን ደወለልህ ስለው «ኮሚቴው»። ወላሂ ኮሚቴው የሚባል ሰውዬ ያለ መስሎኝ ስልኩን ልፈልግ ነበር። እኔ ራሴ ጸሐፊ ነኝ፣ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ!

የተበላ ብር የለም፣ የኪራዩ ደረሰኝ አለ። ውሳኔው ግን ባለቤት የለውም። ስለዚ እቃ የሚያከራየውም የሚከለክለውም አንድ ሰው ይሁን፣ ስሙ መዝገብ ላይ ይግባ፣ ሲቀደድ እሱን እንጠይቅ። ታዲያ ቁልፉም እሱ ጋ ይሁን፣ ቁልፍ ሌላ ሰው ጋ እያለ እሱን ተጠያቂ ማድረግ ግፍ ነው።

ገንዘቡ ይብሳል። ድሮ መዋጮ እዚሁ ቡና ላይ ተቆጥሮ ደብተር ላይ ሲፃፍ ሁሉም ያያል፣ በ2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ግን አዲስ አበባ ያለውም ኮምቦልቻ ያለውም ገንዘብ ያዡ የግል ስልክ ላይ ይልካል። ሰውየው ታማኝ ነው እኔ ምስክር ነኝ፣ ግን አላህ አያርገውና አንድ ነገር ቢሆን የቅሬው ብር ከልጆቹ ውርስ ጋ ሊደባለቅ ነው። በቅሬው ስም ባንክ እንክፈት፣ ያለ ሁለት ሰው ፊርማ አይውጣ። ሞት ስብሰባ ስለማይጠብቅ የቀብሩን ወጪ ዳኛው ይዘዙ፣ ፈራሚዎቹም እዛው ይፈርሙ፣ እሁድ ግን እዚህ ይነበብ።

ብድርና ቁጠባ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ 985/2009 ሥራ አመራሩ ሌላ ቁጥጥር ኮሚቴው ሌላ ነው፣ ተቆጣጣሪው ተጠሪነቱ ለጠቅላላ ጉባኤው ነው። አዋጁ ቅሬን አይመለከትም፣ ሀሳቡን መስረቅ ግን ሃራም አይደለም። የኛን ሂሳብ የሚያየው'ኮ የገንዘብ ያዡ አማች ነው፣ አትሳቁ፣ እጃችንን አውጥተን የመረጥነው እኛው ነን። ሂሳብ የሚያዩ ሁለት ሰዎች ከኮሚቴው ውጪ ምረጡ፣ አንዷ ከእናቶች ትሁን፣ ማን ስንት እንዳዋጣ በቃላቸው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ጋሼ ቅድም በር ላይ «ድሮ ሽማግሌ ደረሰኝ አይጠየቅም ነበር» ብለውኛል። ልክ ነዎት ጋሼ፣ ድሮ ግን የምንቀመጠው ሰሌን ላይ ነበር፣ ሰሌን ደግሞ ለሰርግ የሚከራይ የለም።

ዳኛችን ድምፅ ያሰጡልን፣ መጀመሪያ የድንኳኑ ቁልፍ ማን ጋ ይሁን የሚለውን።