መጽሐፌን ብሳሳለት ንፉግ ያሰኘኛል?

የዛሬው የአድማጮች ጥያቄና መልስ ሰዓታችን መጽሐፍ ስለ ማዋስና ስለ ማስመለስ ነው። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እንደመሆኔ ይህ የዕለት ሥራዬ ነው። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያና ከሐይቅ ደውላችሁ ያነሳችሁትን በተራ እመልሳለሁ።

ከደሴ፣ ሸዋ በር፦ «አባቴ ሲያርፉ የተውልኝ መጻሕፍት አሉ። ብዙዎቹ ዳር ዳራቸው ላይ በእጃቸው የጻፉባቸው ናቸው። ዘመድ ጎረቤቱ ‹አንዷን አውሺኝ› ይለኛል። እምቢ ስል ‹ደግሞ ለመጽሐፍ!› ይሉኛል። ወሎ ላይ ንፉግ መባል ደግሞ ከባድ ነው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ፈጣሪ የአባትሽን ነፍስ ይማር። ለመጽሐፍ መሳሳት ንፍገት አይደለም። እዚሁ ወሎ ምድር መጽሐፍ ያከበሩ ሰዎች ሁሉ ይሳሱ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ባበረከቱት ወንጌል ውስጥ የመጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሮ ይገኛል። ያኔም ቢሆን ያለውን ይመዘግቡ ነበር ማለት ነው። በብራና መጻሕፍታችን ላይ ደግሞ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» የሚል ቃል በብዛት ታገኛለሽ። የሰረቀው፣ የፋቀው የተወገዘ ይሁን ነው ነገሩ። በሙስሊሙም ወገን እንዲሁ ነው። እንደ ዳናና ጀማ ንጉሥ ያሉ የወሎ የዒልም (የእስልምና ትምህርት) ማዕከላት ደረሳው፣ ማለትም ተማሪው፣ ለመቅራት አገር አቋርጦ የሚመጣባቸው ነበሩ። ኪታብ አንዴ ወቅፍ ከተደረገ፣ ማለትም ለአላህ ተብሎ ለጋራ ጥቅም ከተሰጠ፣ አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ለሚቀራበት ሰው ይቆያል። እነዚህ ሰዎች መጽሐፉን አጥብቀው የጠበቁት ከእነሱ በኋላም እንዲነበብ ብለው ነው። ስስቱና ማዋሱ ተጣልተው አያውቁም።

እናም መጻሕፍቱን ለሁለት ክፈያቸው። የአባትሽ እጅ ያረፈበትና ከገበያ የጠፋው ከቤት አይውጣ። እሱን የፈለገ ይምጣ፤ ቡና ይፈላ፣ አቦል ቶናውን እየጠጣ እዚያው ቁጭ ብሎ ያንብብ። አባትሽ የጻፉበትን ቅጂ የትኛውም መጽሐፍ መደብር አይሸጥልሽም። ገበያ ላይ የሚገኘውን ግን አውሺ፤ ቢጠፋ ይተካል። «ይቺን አላወጣትም፣ ያቺን ግን ውሰድ» ያለን ሰው ንፉግ የሚለው የለም።

እምቢታሽን ደግሞ አታለባብሺው። «የት እንዳስቀመጥኳት ጠፋኝ» እያልሽ አትጨነቂ። «የአባቴ እጅ አለበት፣ አላወጣውም» በይና ጨርሺ። ይህን ሰምቶ የሚቀየምሽ ሰው ካለ፣ መጽሐፉም እሱ እጅ ባይገባ ይሻላል።

ከኮምቦልቻ፦ «ጓደኛዬ አንድ ልብ ወለድ ከወሰደብኝ ሁለት ዓመት አለፈው። ስንገናኝ ጭራሽ አያነሳውም። ብጠይቀው የምንጣላ ይመስለኛል።»

ወንድሜ፣ ረስቶታል ብለህ ጀምር። አብዛኛውን ጊዜ እውነቱም እሱ ነው። የተዋሱት መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ከራስ መጽሐፍ ጋር ከተቀላቀለ፣ ከጊዜ በኋላ የማን እንደሆነ ይረሳል። ሰው ፊት አትጠይቀው፤ በነገርም አትውጋው። ብቻውን ስታገኘው «ያቺን መጽሐፍ ላነባት ፈልጌ ነበር፤ ቅዳሜ ጎራ ብዬ ልውሰዳት» በለው። ቀኑን ስትቆርጥና ራስህ ስትሄድ ማሳበቢያ አይኖረውም። «ሲመችህ አምጣልኝ» ካልከው ግን ሌላ ሁለት ዓመት ጠብቅ።

ለወደፊቱ አንዲት ደብተር ያዝ። ርዕሱን፣ የወሳጁን ስምና ስልክ፣ የሄደበትንና የሚመለስበትን ቀን ጻፍባት። እሱ እያየ ጻፈው፤ ይህ ማንንም አያስከፋም። ደብተር ከሰለቸህ መጽሐፉን እንደያዘ በስልክህ ፎቶ አንሳው፤ ቀኑ አብሮ ይቀመጥልሃል። ለአንድ ልብ ወለድ ሦስት ሳምንት በቂ ነው። አንዱን ሳይመልስ ሁለተኛ አትስጠው፤ እዚህ ላይ ጨክን።

ከወልድያ፦ «መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ መጽሐፍ አውሳለሁ። ግን ተቀዶ፣ አንዳንዴም በዝናብ ረጥቦ ይመለሳል። የተቀደደውን በፕላስተር እለጥፈዋለሁ። ሌላ ዘዴ ይኖር ይሆን?»

መምህር፣ ይበርቱ። ማዋስዎን አይተዉት፤ ፕላስተሩን ግን ይተዉት። ሙጫው እየቆየ ወደ ወረቀቱ ይሰርግና ቢጫ ይሆናል። ፕላስቲኩ ተላቆ ሲወድቅ እድፉ ብቻ ይቀራል፣ እሱም አይለቅም። ስስ ነጭ ወረቀት በቀጭኑ ይቅደዱ። ጠርዙ በመቀስ ከተቆረጠው ይልቅ በእጅ የተቀደደው በደንብ ይያያዛል። የስንዴ ስታርች በውሃ እያማሰሉ አፍልተው፣ ሲበርድ ቁራጩን በጣም ስስ አድርገው ይቀቡትና የተቀደደው ላይ ይለጥፉት። ከላይና ከታች ላስቲክ ቢጤ አድርገው ከባድ ነገር ይጫኑበትና ይደር። ሙጫው ከበዛ ወረቀቱን ያጨማድዳል፣ ብልም ይጠራል።

የረጠበውን ፀሐይ ላይ አያስጡት፣ ከሰል ምድጃ ዳርም አያቅርቡት። ወረቀቱ ይጨማደዳል፣ የጀርባው ሙጫም ይፈነቀላል። በየጥቂት ገጹ መሃል ነጭ ሶፍት እያስገቡ፣ ሲርስ እየቀየሩ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያቁሙት። ጋዜጣ አይጠቀሙ፤ ቀለሙ ይለቃል። ዛሬ ነገ አይበሉ፤ ርጥብ ወረቀት 48 ሰዓት ገደማ ካለፈው ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል።

ክረምት ላይ ለተማሪ ሲሰጡ በፌስታል ጠቅልለው ይስጡት። ቤት ሲደርስ ግን ያውጣው፤ ፌስታል ውስጥ ርጥበቱ ታፍኖ ይቀራል። ይህ ለሁላችሁም ነው፣ በተለይ የክረምቱን ጉም ለምታውቁት ለደሴዎች። መጽሐፍ በፌስታል አስራችሁ አልጋ ሥር አትክተቱ። መደርደሪያውንም ከውጭው ግድግዳ ትንሽ አራርቁት፤ አየር ይግባበት።

ደግሞ ልጆቹን መጽሐፍ አያያዝ ያሳዩአቸው። ገጽ ከማጠፍ ቁራጭ ወረቀት ማስገባትን፣ ከመደርደሪያ ሲያወጡም የጀርባውን ጫፍ ይዞ ከመጎተት መሃሉን መያዝን። ብዙው መጽሐፍ ጀርባው የሚገነጠለው በዚያ አጎታተት ነው። አሳይቷቸው የሚያውቅ ሰው ከሌለ ከየት ያመጡታል?

ከሐይቅ፦ «መጽሐፌን ከማውሰው በስልክ ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ብለቀውስ?»

ይህን አታድርገው። የገዛኸውን መጽሐፍ ማዋስ መብትህ ነው። ሙሉውን አባዝቶ መልቀቅ ግን የደራሲው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ለዚሁ ነው። እዚህ አገር መጽሐፍ ጽፎ የሚያሳትም ሰው ብዙ ጊዜ ከራሱ ኪስ ነው የሚያሳትመው። እባካችሁ አታክስሩት።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ «የተዋስኩት መጽሐፍ ጠፋብኝ። ምን ብዬ ልንገረው?»

ዛሬውኑ ደውልና «ጠፋብኝ» በለው። እሱ እስኪጠይቅህ አትጠብቅ። ከዚያ ያንኑ መጽሐፍ ፈልግ፤ ደሴ ከጠፋ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎቹን ይጠይቅልህ። ጭራሽ ካልተገኘ ብር አትዘርጋለት። «በምትኩ የትኛውን ልግዛልህ?» በለውና ራሱ ይምረጥ።