ስንት ቶን ይበቃናል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ያሠራነው ቤት ከገባን አምስት ወር ሞላን። የቤቱን ነገር አጫውተን ያላችሁኝ ወዳጆች ስለ ወለሉና ስለ ወጥ ቤቱ እንድናገር ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ዛሬ የማነሣው እንግዳ ሲመጣ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ነገር፣ ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን ነው። ቤቱ እስኪያልቅ ድረስ ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነበርና።

ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። በእኛ ሰፈር ቤት ሲሠራ ስለ ማሞቂያ የሚያስብ ሰው አላውቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ አጥንት ድረስ ሲዘልቅ ጋቢ ይደረባል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፤ በመጋቢት ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ መስኮት ይከፈታል፣ ነገሩም በዚሁ ያበቃል። ስለዚህ ሥራ ተቋራጩ «የጋዝ ፈርነስ ከኤሲ ጋር ይሁንላችሁ ወይስ ሂት ፓምፕ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ፈርነስ ያለው ጋዝ አንድዶ አየር የሚያሞቀውን፣ ኤሲ ያለው ማቀዝቀዣውን፣ ሂት ፓምፕ ያለው ደግሞ በኤሌክትሪክ እየሠራ የሚያሞቅም የሚያቀዝቅዝም አንድ ማሽን ኖሯል።

መጀመሪያ የመጣው ነጋዴ ፕላኑን አንድ ጊዜ ገለጥ አድርጎ፣ 2,200 ስኩዌር ፊት መሆኑን አይቶ፣ ቡናው ሳይቀዳለት «አራት ቶን ይግባለት» አለ። ቶን የተባለው የማሽኑ ክብደት አይደለም፤ በረዶ ለማቀዝቀዣነት ይሸጥ ከነበረበት ዘመን የቀረ መለኪያ ነው። 2,000 ፓውንድ በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀልጦ ሲያልቅ ከአካባቢው የሚወስደው ሙቀት አንድ ቶን ተባለ፤ ቢቲዩ በሚባለው የሙቀት መለኪያ በሰዓት 12,000 መሆኑ ነው። እኔም «አምስት ቢሆንስ?» ልለው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ለልጅ ጫማ ሲገዛ እንኳ ያድግበታል ብሎ ሁለት ቁጥር የሚያስበልጥ ወገን አይደለን?

ያዳነኝ የቀድሞው የኪራይ ቤታችን ትዝታ ነው። የዚያ ቤት ማቀዝቀዣ በሐምሌ ሙቀት እያጓራ ይነሣና በስድስት በሰባት ደቂቃ ውስጥ ቤቱን አቀዝቅዞ ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይነሣል። ቴርሞስታቱ 72 ዲግሪ ፋራናይት ይላል፣ አንሶላው ግን ሲነኩት ይረጥባል፤ ጨው ከዕቃው አልወርድ ይላል፣ ከአገር ቤት የተላከልን በርበሬም ሳይቀር ጓጉሎ ነበር። ምክንያቱ የገባኝ በኋላ ነው። ማቀዝቀዣ አየሩን ከማቀዝቀዝ ሌላ በውስጡ ያለውን እርጥበትም ማውጣት አለበት፤ እርጥበቱ ቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ጤዛ ሆኖ፣ ተጠራቅሞ፣ በማፍሰሻው በኩል እስኪወርድ ድረስ ደግሞ ማሽኑ ሳይቋረጥ መሥራት ይኖርበታል። ከቤቱ ልክ የበለጠ ማሽን ጤዛው መንጠባጠብ ሳይጀምር ይቆማል፣ ቱቦው ላይ የቀረውም ውኃ ተንኖ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ያን ሁሉ በጋ ኃይለኛ ማሽን አለን እያልን ስንኮራበት የኖርነው እንግዲህ ሲያረጥበን ነበር።

ሁለተኛው ባለሙያ ቡና ከመጠጣቱ በፊት ሳሎኑ ወደየት አቅጣጫ እንደሚያይ ጠየቀ። መስኮቶቹ ድርብ መስታወት መሆናቸውን፣ በኮርኒሱ ላይ የሚነጠፈው የሙቀት መከላከያ ስንት ኢንች እንደሆነ፣ ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያድር አንድ በአንድ መዘገበ። ለአንድ ቤት የሚበቃውን የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ልክ የሚያወጣው፣ ማኑዋል ጄ የሚባለው ስሌት ይህንን ሁሉ ይፈልጋል፤ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰፊ መስኮት ከሰዓት በኋላ የሚያስገባው ሙቀት ከተሸፈነ ግድግዳ ጋር አይወዳደርምና። ከሁለት ቀን በኋላ የላከልን ወረቀት ሁለት ቶን ተኩል ይላል። የመጀመሪያው ሰው በየ550 ስኩዌር ፊቱ አንድ ቶን እያለ ቆጥሮ ኖሯል፤ አየር ለሚያሾልክ አሮጌ ቤት ምናልባት ያስኬድ ይሆናል፣ በደንብ ለታሸገ አዲስ ቤት ግን ይህ ግምት እንጂ ልኬት አይደለም።

ልኩ ከታወቀ በኋላ ዓይነቱን መምረጡ ያን ያህል አላስቸገረኝም። ጋዙ ርካሽ እንደሚሆን፣ በብርቱ ብርድም እንደማይለግም ብዙ ሰው መክሮኛል፤ ምክሩም ከንቱ አይደለም። ሂት ፓምፕ ግን ሙቀትን አያመነጭም፣ ከውጭ አየር ቃርሞ ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ። ውጭው ከዜሮ በታች ቢሆንም የሚቃረም ሙቀት አይጠፋም፤ በማሽኑ ቱቦ የሚዘዋወረው የማቀዝቀዣ ጋዝ በተራ የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚፈላ ስለሆነ፣ ከቀዝቃዛ አየርም ሙቀት መሳብ ይችላልና። በመካከለኛ ብርድ ለሚበላው ለእያንዳንዱ የኤሌክትሪክ መጠን ሦስት እጥፍ ያህል ሙቀት ይመልሳል፤ ብርዱ ሲጠና ትርፉ እየቀነሰ ይሄዳል። የሜሪላንድ ክረምት እንደ ብርዳማው ሚኒሶታ አይደለም፤ በጋው ደግሞ ኤሲ ግድ ይላል፣ ሂት ፓምፑም በበጋ ተገልብጦ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ አንዱን ማሽን ለሁለቱ ወቅት መረጥሁ። እውነቱን ለመናገር ከዚህ ስሌት በስተጀርባ አንድ ፍርሃትም ነበረኝ፤ ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው ተኝተው ያልተነሡ ሰዎችን ወሬ እየሰማሁ ስላደግሁ፣ ጭሱ በአግባቡ ወደ ውጭ የሚወጣ ፈርነስ ከዚያ ጋር እንደማይነጻጸር እያወቅሁም፣ እሳት ያለበት ነገር ከመኝታ ቤቴ ሥር ባይኖር ወደድሁ።

ያልጠበቅሁት የእናቴን ነገር ነው። ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን እየከረመች ነው። ከፈርነስ የሚወጣ አየር ይፋጃል፤ የእኛው ግን ለብ ያለ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ ይነፍሳል። እሷ መዳፏን አየር መውጫው ላይ ዘርግታ «ልጄ፣ ይኼ እኮ እፍ ብሎብኝ እንጂ አላሞቀኝም» አለችኝ። ቴርሞስታቱን አሳየኋት፤ 70 ይላል። ቁጥሩ ምንም አላላትም፣ ምክንያቱም ሙቀት ማለት ለእሷ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ጉልበትን ማጋል ነው። ማታ ማታ ዝቅ አድርጌው ጠዋት ከፍ ሳደርገው ደግሞ ሂት ፓምፑ ብቻውን ሲያቅተው የሚያግዘው ተጠባባቂ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እየተነሣ የመብራት ሒሳቡን አናረብኝ፤ አሁን ቀንም ሌትም በአንድ ቁጥር ትቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት፣ ውርጭ ያደረበት ጠዋት ላይ፣ በመስኮት አይታ ጮኸች፤ «ኧረ ልጄ፣ ውጭ ያለው ማሽን እየጨሰ ነው!» ወጥቼ አየሁት። ከላዩ ልክ እንደ ጀበና ነጭ እንፋሎት ይትጎለጎላል። ማሽኑ የያዘውን ውርጭ ራሱ ለጥቂት ደቂቃ ሞቆ እያቀለጠ መሆኑን አስረዳኋት።

«ታዲያ የሚሞቅበትን ሙቀት ከየት ያመጣዋል?» አለችኝ።

«ከቤት ውስጥ ነው የሚወስደው፣ እማዬ።»

ጋቢዋን ጠበቅ አድርጋ ተከናነበች።