ጊደሯን ከመሸጣችን በፊት
ስለ ቁም እንስሳትና ሰብል ገበያ አካሄድ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ገበሬዎች፣ አርቢዎች፣ ነጋዴዎችና የሙያ አጋሮቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ስለ ገበያ ልናገር ስነሳ ሁሌም የሚቀድመኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ዋጋው ይወጣል ወይስ ይወርዳል?» ተገቢ ጥያቄ ነው። የልጆች ትምህርትም፣ የብድር ክፍያም ያረፈው እሱ ላይ ነው። ግን ዋጋ ሲንር አይተው የገቡ፣ ምርታቸው ሲደርስ ደግሞ ገበያው ወርዶ የጠበቃቸው ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ሰነፎች አልነበሩም። የተጎዱት የከርሞውን ሥራ በዛሬ ዋጋ ስለወሰኑ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከዋጋው ይልቅ ዋጋውን ስለሚያመጣው ሰዓት ላውራችሁ።

እንቁላል ለመፈልፈል 21 ቀን ይበቃዋል። የሥጋ ዶሮ ከዚያ በኋላ በስድስትና ሰባት ሳምንት ለገበያ ይደርሳል። አሳማ የምታረግዘው ለ114 ቀን ገደማ ነው፤ ግልገሉ ለእርድ እስኪደርስ ስድስት ወር ያህል ይፈጃል። ላም ግን ዘጠኝ ወር አርግዛ የወለደችው ጥጃ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ካልሞላው ለቄራ አይደርስም። የዶሮ ገበያ ቢጎድል በወራት ይሞላል። የበሬ ሥጋ ከጎደለ ግን መጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የከብት ዋጋ ሲወደድ አርቢው ምን ያደርጋል? ጊደሯን ለእርድ መስጠቱን ትቶ ለእርባታ ያስቀራታል። ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ነገር ግን ሺዎች በአንድ ጊዜ እንዲህ ሲያደርጉ ገበያ የሚወጣው ከብት ጭራሽ ይቀንሳል። ዋጋውም ይብስ ይንራል። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ የነዚያ ሁሉ ጊደሮች ጥጆች ተያይዘው ይደርሳሉ፤ ያኔ ገበያው ይጥለቀለቃል። በድርቅ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። ሣር ሲጠፋ ላሟም ትሸጣለች። ለጊዜው ሥጋ ይረክሳል፤ የተሸጠችው ግን የከርሞዋ ጥጃ እናት ናት።

የአሜሪካን መንጋ ተመልከቱ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በጃንዋሪ 2025 የተቆጠረው ከብት 86.7 ሚሊዮን ነበር፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከ1951 ወዲህ ዝቅተኛው ቁጥር ነበር። ለዓመታት የዘለቀ ድርቅና የመኖ ውድነት አርቢዎቹ ላሞቻቸውን እንዲሸጡ አስገድዷቸዋል። እንግዲህ «አንድ ጥሩ ዝናብ ከጣለ የበሬ ሥጋ ይረክሳል» የሚል ትንበያ ብትሰሙ አትቀበሉት። ዝናቡ ሲመጣ አርቢው ጊደሩን ያስቀራል፤ እጥረቱ መጀመሪያ ይብሳል። እኔ የሚታየኝ፣ መንጋው እስኪያገግም የበሬ ሥጋ አቅርቦት ጠበብ ብሎ ይቆያል። ክፍተቱን በዋናነት የሚሞላው ዶሮ ነው።

ሰብል ጋ ስንመጣ እኔ መጀመሪያ የማየው ጎተራውን ነው። ከአዲሱ ምርት በፊት የሚተርፈው እህል ከዓመቱ ፍጆታ አንጻር ስንት ነው? ጎተራው ሙሉ ከሆነ መጥፎ ወሬ ዋጋውን ብዙም አያነቃንቀውም። ሲሳሳ ግን ትንሽ ዜና ያስደነብረዋል። በ2012 የአሜሪካን የበቆሎ ማሳ ድርቅ ሲመታው ክምችቱ ቀድሞም ስስ ነበር፤ በቆሎ በቡሼል፣ ማለትም በ25 ኪሎ ገደማ፣ ከ8 ዶላር አለፈ። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ደግሞ የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት የምግብ ዋጋ መለኪያ በመጋቢት ወር ታይቶ የማይታወቅ ከፍታ ላይ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው እኔን የሚያሳዝነኝ። እህሉ እየወረደ ሄደ። ማዳበሪያ ግን የተገዛው በውድ ጊዜ ነበር። የናይትሮጅን ማዳበሪያ ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሚሠራ ጋዝ ሲወደድ አብሮ ይወደዳል። ብዙ ገበሬ በውድ ዘርቶ በርካሽ ሸጠ። ዜናው ስለ ዋጋው ከፍታ ብቻ ያወራ ነበር፤ የገበሬው ኪስ ግን ባዶ ነበር።

ሁለቱ ገበያዎች ዞሮ ዞሮ አንድ ናቸው። በዶሮና በአሳማ እርባታ ከወጪው ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለመኖ ነው። የእህል ገበሬው ደስታ ለአርቢው ጭንቀት የሚሆነው ለዚህ ነው። ግን ነገሩ ወደ ኋላም ይመለሳል። በነሐሴ 2018 ቻይና ውስጥ የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት ታየ። በሚቀጥለው ዓመት የሀገሪቱ የአሳማ ብዛት 40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። አሳማው ሲያልቅ አኩሪ አተር የሚበላለት ጠፋ። የአሜሪካና የቻይና የቀረጥ ጭቅጭቅም ተጨምሮ፣ አሳማ አይቶ የማያውቅ የአኩሪ አተር ገበሬ በሌላ አህጉር ተጎዳ።

ታዲያ ምን እናድርግ? አርቢዎች፣ ዋጋው ጣሪያ ሲነካ ተበድራችሁ መንጋ አታስፋፉ። ብድሩ የሚከፈለው ጥጃው በሚሸጥበት ቀን ዋጋ ነው። ገበሬዎች፣ ምርቱን ሁሉ በአንድ ቀን አትሽጡ፤ ወጪያችሁን የሚሸፍን ዋጋ ባገኛችሁ ጊዜ ከፊሉን በውል አስቀድማችሁ ሽጡ። ከፍተኛው ዋጋ ሊያመልጣችሁ ይችላል፤ ይሁን። ቤት የሚፈርሰው በከፊሉ ትርፍ ማጣት አይደለም። ባለሙያዎች፣ ትንበያ ስናወጣ የዋጋውን መስመር ብቻ አናሳይ። ምን ያህል ጊደር እንደቀረና ጎተራው ስንት እንደያዘም አብረን እንንገራቸው። ይህን አለማድረጋችን ብዙ ሰው ጎድቷል፤ እኔም አለሁበት።

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ ትቻለሁ። ከመኖ ዋጋ የሚነሳ ካለ ከእሱ እንጀምር።