አጥንት ነው ተብሎ

እሺ... ይቀዳል? ይቀዳል። ድመቴ ዳኛው በሩ ላይ ተጋድሟል። የሚያንኮራፋ ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው፤ እንደ ባለፈው በእኔ እንዳታሳብቡ።

ዛሬ ስለ ሆድ ነበር ላወራ የነበረው፣ ስለ ውሻና ድመት ሆድ። ግን አንድ እጅ ዓይኔ ላይ ቀርቷል። የአባባ እጅ።

መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። መከታ፣ በግ ጠባቂው ውሻ፣ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። የታች መንጋጋው ወርዷል፤ ለሃጩ መሬት ደርሷል። አባባ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ልጄ፤ ትናንት በግ ታርዶ ነበር» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አውራ ጣታቸው በጨርቅ ታስሯል። ቢላ ነው መሰለኝ። ከዚያ እጃቸው ወደ መከታ አፍ ሄደ።

«አባባ ይተዉ» የሚለው ቃሌ... ደረሰ ወይስ ዘገየ? እስካሁን አልለየልኝም።

አጥንት የተሰነቀረበት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ድንገት ነው የሚጀምረው። አፉን በእግሩ ይቧጥጣል፣ ያንቀዋል፣ ሊበላ ይሞክርና ይተወዋል፤ ጠባዩ ግን የራሱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ሁልጊዜ እየተናከሰ አይመጣም። ዝም ብሎ የሚመጣው ዓይነት መንጋጋን ያሰንፋል፣ መዋጥ ያቅታል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ በኋላ እግሩ ይንገዳገዳል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ውሻው በቀናት ውስጥ ይሞታል። በዓይን ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ስለዚህ እጅ አይገባም፤ ውሻው ሳይነካ ይዘጋበትና ባለሙያ ይጠራል። ለሃጩ ቁስል ከነካ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። «እስቲ ውሻውን እንየው» ተብሎ አይጠበቅም፤ በሽታው በሰው ላይ ከታየ በኋላ መመለሻ የለውም ማለት ይቻላል።

ጓሳ፣ ቀይ ቀበሮዎች የሚኖሩበት ጥብቅ ሥፍራ፣ እዚያው ማዶ ነው፣ ታውቃላችሁ። ቀይ ቀበሮዎቹን ከሚፈጁት አንዱ ከውሻ የሚተላለፈው ይሄው በሽታ ነው። ይሄን ካነሳሁ አልጨርስም፤ ሌላ ጊዜ።

ስለ በጉ ግን አላልፍም። ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ ለውሻ ይወረወራል አይደል? ከዚያ የሚወጣው ትል ከ1 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው። ውሻው አይከሳም፣ አያስመልስም፣ ተቅማጥም የለው። እንቁላሉ ግን ከሰገራው ወጥቶ በእጅ፣ በአትክልት ሰው ሆድ ይገባል፤ ያው ከረጢት ሰው ጉበት ላይ ይበቅላል፣ ለዓመታት ሳይታወቅ። የበጉ ጉበትና ሳንባ ወይ ግማሽ ሰዓት ይቀቀል፣ ወይ ውሻ የማይቆፍረው ጥልቀት ይቀበር። ለውሻው ፕራዚኳንቴል የሚባለው የትል መድኃኒት በየ6 ሳምንቱ። ፊንጢጣው ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስለው ሌላ ነው፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከቁንጫ ነው።

እና ምልክት... ማስመለስና ከጉሮሮ መመለስ አንድ አይደሉም። ሲያስመልስ ሆዱ ይጨመቃል፣ ጎኑ ይርገበገባል። ከጉሮሮ የተመለሰው ግን ሳይታገል ዱብ ይላል፤ ያልተፈጨ፣ አንዳንዴ እንደ ቱቦ ተጠቅልሎ። ችግሩ ከጨጓራ በላይ ነው። ደረቱ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ውሻ ሊያስመልስ እየታገለ ምንም ካልወጣው፣ ሆዱም ከተነፋ፣ ጨጓራው ዞሮ ይሆናል፤ ነገ አይባልም። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደሙ ከላይ ነው፣ ከጨጓራ ወይም ከቀጭኑ አንጀት፤ ቀይ ከሆነ ከታች። ያልተከተበ ቡችላ አስመልሶ፣ ደም ያለበት የሚከረፋ ተቅማጥ ከያዘው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ነው።

ድመት ላይ እንዲያውም... ወንድ ድመት ሲያምጥ «ሰገራ ደርቆበት ነው» ይባላል። ሽንቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በሁለት በሦስት ቀን ሊገድለው ይችላል። ከምላሱ ሥር ክር ከታየም አይሳብ፤ አንጀቱን ይቆርጠዋል። ዳኛው ሆይ፣ አንተን አይደለም።

ድድስ? «ድዱን አይተሃል?» እያላችሁ ስንት ወር ነው የምትስቁብኝ። ድድን በጣት ተጭኖ መልቀቅ፤ በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ከተመለሰ ደም ዝውውሩ ደህና ነው፤ ከነጣ ወይም ከደረቀ... ቆይ። ይሄው፣ እኔም እጃችሁን አፉ ውስጥ አድርጉ ስላችሁ ነው የከረምኩት። ስንት ክፍል ላይ? ለሃጭ ለሚያዝረከርክ ውሻ ይሄ አይደረግም ብዬ አላውቅም። የትከሻውን ቆዳ ቆንጥጦ መልቀቅ ይሻላል፤ ቶሎ ካልተመለሰ ውሃ አጥሮታል... እሱም ቢሆን የሚናከስ ከሆነ...

አባባ «ታጥቤያለሁ» ብለዋል። በሳሙና ነው? ጨርቁ ተፈትቶ ነው ወይስ እንደታሰረ? ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ ብለው ነበር፣ በጎቹን ካስገባሁ በኋላ። ስልካቸው አይነሳም። ሲመሽ ኔትወርኩ...

ዳኛው፣ ተው እንጂ በሩን አትቧጥጥ። እሺ፣ እሺ፣ ልክፈትልህ።