ዴድላይን የሚባለው መስመር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ የጋዜጠኝነት ሰልጣኞች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ ስለ አንዲት ቃል ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ዜና ክፍል ስትገቡ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትሰሟት ቃል ናት፤ ዴድላይን። «ዴድላይኑ ስንት ሰዓት ነው?» «አለፈ እኮ!» ስንባባል እንውላለን። ቃል በቃል ስትፈታ የሞት መስመር ማለት ናት። መስመሩም በእውነት ነበረ።

አሜሪካኖች እርስ በርስ በሚዋጉበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1864፣ ጆርጂያ ውስጥ አንደርሰንቪል በሚባል ቦታ የደቡቡ ጦር የምርኮኞች ካምፕ ከፈተ። ዙሪያውን በግንድ የታጠረ ባዶ ሜዳ ነው። ከአጥሩ 6 ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አጫጭር እንጨቶች ተተከሉ። ከላያቸው ቀጭን አግዳሚ ተመታባቸው። በቃ፣ ይኸው ነው። ያንን እንጨት የተሻገረ ግን ከማማው ላይ በጥይት ይመታል። ስሙንም «ዴድ ላይን» አሉት።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የውሃው ነገር ነው። በካምፑ መሃል አንድ ጅረት ያልፋል። እዚያው ይታጠቡበታል፣ ይጸዳዱበታል፣ ይጠጡታል። የተሻለው ውሃ ያለው ጅረቱ ከሚገባበት፣ ከመስመሩ ጥግ ነው። ውሃ ጥም ያቃጠለው ሰው በእንጨቱ ሥር እጁን ሲዘረጋ ተተኩሶበታል። ካምፑ ከገቡት ወደ 45,000 ምርኮኞች 13,000 ያህሉ ሞቱ፤ አብዛኞቹን የጨረሳቸው ረሃብና በሽታ ነው። አዛዡ ሄንሪ ዊርዝ በ1865 ዋሽንግተን ላይ ተሰቀለ።

ቃሏ ግን ቀረች። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ጋዜጠኞች ለጽሑፍ ማስረከቢያ ሰዓት አዋሏት። ለእኛም የደረሰችን በዚህ ትርጉሟ ነው።

በአማርኛ «ቀነ ገደብ» እንላለን። እኔ ይሄን እመርጣለሁ። ሞት የለበትማ! ጀማሪ ሳለሁ ሰዓቱ እንዳያልፈኝ ፈርቼ የአንዲት ሟች እናት ስም ሳላጣራ አስረከብኩ። በማግስቱ ልጃቸው ጋዜጣውን ይዛ መጣች። አልጮኸችብኝም። «የእናቴ ስም ይሄ አይደለም» ብቻ አለችኝ። እስካሁን ድምፅዋ ጆሮዬ ላይ አለ።

ነገ ከቀኑ 10 ሰዓት የመጀመሪያ ዜናችሁን እጠብቃለሁ። ያላጣራችሁት ስም ካለ 9 ሰዓት ላይ ደውሉልኝ፤ ቦታውን አቆይላችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።