ቪዬራ ቢኖር ኖሮ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የሳምንቱን ጨዋታም አልተነትንም። ከደጋፊ አፍ የማይጠፋ አንድ ነገር አለ፣ እሱን ላውራ ብዬ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

እኔ አርሰናል ነኝ፣ ታውቁታላችሁ። ቡድናችን ሲገፋ፣ አማካዮቻችን ኳስ ተነጥቀው እጃቸውን ወደ ዳኛው ሲያነሱ፣ ከመሃላችን አንዱ ረጅም ትንፋሽ ይተነፍስና «ቪዬራ ቢኖር ኖሮ!» ይላል፣ የድሮውን አምበላችንን፣ አማካዩን ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ጨዋታውን የሚያይ የለም። ወሬው ወደ ድሮ ይዞራል። የማንቸስተሩ ደጋፊ «ኪን ቢኖር» ይላል። የሊቨርፑሉ ሱነስን ያነሳል። ዕድሜው ገፋ ያለ የሊድስ ደጋፊ ካጋጠማችሁማ ኖርማን ሃንተርን ሳይጠራ አያመሽም። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ? ቪዬራ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለ፣ አንገቱ ግን በየዓመቱ ይረዝማል።

አስቂኙ ነገር፣ ፓትሪክ ቪዬራ በፕሪምየር ሊግ 8 ጊዜ ቀይ ካርድ አይቷል። ይሄ ከደንካን ፈርጉሰንና ከሪቻርድ ደን ጋር የሚጋራው ክብረ ወሰን ነው። «ቢኖር ኖሮ» የምንለው ሰውዬ በደህናው ጊዜም ሁልጊዜ አልነበረም ማለት ነው፤ ተባሮ መልበሻ ክፍል ተቀምጧላ! እሱን አናወራም። ወሬው ላይ ቪዬራ ሁሌም ሜዳ ውስጥ ነው፣ ኳሷም ሁሌ እግሩ ላይ ናት።

የጠንካራ ተጫዋቾችን ወሬ እንደምወደው ልደብቃችሁ አልችልም። ግን ቆይቼ ያስተዋልኩት ነገር አለ። ወሬው ላይ ሁላችንም የምንቆመው ከመቺው ጋር ነው። የተመታው ሰው ስም የለውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፣ እውነት ነው። ዳር ቆሞ ያጨበጨበውስ? እሱ የሚያስታውሰው ምቱን ብቻ ነው፣ ቁርጭምጭሚቱን አይደለም።

እስኪ አንድ ጨዋታ ላንሳ። በዚህ ወሬ ላይ የጨዋታዎች ሁሉ አባት ይሄ ነው። 1970፣ የኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ቼልሲና ሊድስ። መጀመሪያ ዌምብሌይ ላይ ጭቃ በጭቃ በሆነ ሜዳ ተጫውተው 2 ለ 2 ተለያዩ። የዚያን ቀን የሊድሱ የግራ ክንፍ ኤዲ ግሬይ የቼልሲውን ዴቪድ ዌብን ሲያዞረው ዋለ። አሰልጣኙ ዶን ሬቪ ስለ ግሬይ ሲናገር፣ በረዶ ላይ ቢሮጥ እንኳ ዱካው አይታይም ብሎ ነበር። ድጋሚው ጨዋታ ሚያዝያ 29 ቀን ኦልድ ትራፎርድ ላይ ሆነ። ቼልሲ ምን አደረገ? ዌብን ከግሬይ ላይ አንስቶ ሮን ሃሪስን መደበበት። ሃሪስን ደጋፊዎቹ «መጥረቢያው» ነው የሚሉት፣ ለቼልሲ 795 ጨዋታ የተሰለፈ፣ እስካሁን ያልተደረሰበት ሰው። ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ግሬይን መታው። አለቀ። ዱካ የማይተወው ልጅ ከዚያ በኋላ እያነከሰ ነው የጨረሰው።

የዚያን ምሽት ዳኛ ኤሪክ ጄኒንግስ ይባላሉ። ካልቾ ከዳር እስከ ዳር በሚወርድበት ጨዋታ፣ ተጨማሪ ሰዓት ጨምሮ 120 ደቂቃ፣ ስሙን የመዘገቡት አንድ ተጫዋች ብቻ ነው። አንድ! ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ የዛሬው ዳኛ ማይክል ኦሊቨር ያንን ጨዋታ ቁጭ ብሎ አየውና በአሁኑ ሕግ ቢሆን 11 ቀይ ካርድ እሰጥ ነበር አለ። ሁለት ቡድን ተደምሮ 22 ሰው ነው፣ ግማሹ ወጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ካርድ የሚባል ነገር ራሱ አልነበረም። ዳኛ ስም ይጽፋል ወይም በቃሉ ያስወጣል። ቢጫና ቀይ ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው በዚያው 1970 ክረምት ሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ላይ ነው። ሐሳቡ የእንግሊዛዊው የቀድሞ ዳኛ የኬን አስተን ነው፣ ከትራፊክ መብራት ወስዶት። ወደ እንግሊዝ ሊግ የገባው ደግሞ በ1976 ነው። ከኋላ የሚገባ አደገኛ ሸርተቴ በቀጥታ ቀይ እንዲያሰጥ ዳኞች ጥብቅ ትእዛዝ የተሰጣቸው በ1998 ዓለም ዋንጫ ነው። ስለዚህ «የዛሬ ተጫዋቾች ለስላሳ ናቸው» የምትሉኝ፣ ሃሪስን ዛሬ አምጡት እስኪ። እረፍት ሳይደርስ ሻወር ገብቷል።

ቼልሲ 2 ለ 1 አሸነፈ። ያሸነፈበትን ጎል ያስቆጠረው ደግሞ ማን መሰላችሁ፣ ያ በመጀመሪያው ጨዋታ ግሬይ ሲያዞረው የነበረው ዌብ! ግን የዚያ ቀን ጠንካራው ማን ነበር ብትሉኝ እኔ ሃሪስንም ዌብንም አልመርጥም። የቼልሲ በረኛ ፒተር ቦኔቲ ከሊድሱ ሚክ ጆንስ ጋር ተጋጭቶ ጉልበቱ ተጎድቶ አብጦ ነበር። በአንድ እግሩ እያነከሰ መቶ ሃያውን ደቂቃ ቆሞ ጨረሰ። ስለ ጠንካራ ተጫዋቾች ሲወራ ቦኔቲን የሚጠራ ግን እምብዛም አልሰማሁም። ማንንም አልመታማ።

ወደ ሃንተር ልምጣ። በ1972 የኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ የሊድስ ደጋፊዎች «ኖርማን እግር ይነክሳል» የሚል ጨርቅ ይዘው ዌምብሌይ ገቡ። ያሸነፉት ደግሞ የእኔን ቡድን ነው፣ 1 ለ 0። ስሙ ሰውየው ላይ ተለጥፎ ቀረ። አሁን ደግሞ ይሄን ስሙ፤ በ1974 የእንግሊዝ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ማኅበር የዓመቱን ኮከብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመርጥ ያሸነፈው ማን ነው? ኖርማን ሃንተር። የመረጡት ተጫዋቾች ናቸው። በየሳምንቱ እግራቸውን የሚነክሳቸው ሰዎች! ለምን? ኳስ ስለሚችል ነዋ። ግራ እግሩ የሰለጠነ፣ ጨዋታ የሚያነብ ተከላካይ ነበር። እኛ ያስቀረነው ንክሻውን ነው።

ያው ሃንተር ከዚያ ሽልማት ጥቂት ወራት ቀድሞ፣ ጥቅምት 1973፣ እንግሊዝ ከፖላንድ ጋር ዌምብሌይ ላይ ስትጫወት መስመሩ አካባቢ አንዲት ኳስ አመለጠችው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ የማይስታት ዓይነት ኳስ። ፖላንድ ይዛት ሄዳ አገባች፣ ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ፣ እንግሊዝም ከ1974 ዓለም ዋንጫ ቀረች። ሰውየው በሚያዝያ 2020 በኮሮና ነው ያረፈው፣ በ76 ዓመቱ።

አሁን ወደ ሱነስ። ብዙ አልቆይም፣ ጥያቄዬ አጭር ናት። በ1984 የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሊቨርፑል ከዲናሞ ቡካሬስት ጋር ሲጫወት ሱነስ የአንዱን ሮማኒያዊ መንጋጋ ሰብሯል። ኳሷ እዚያ አልነበረችም። ይሄ ታሪክ እየተሳቀ ሲወራ ስንት ጊዜ ሰምተናል? የተሰበረውን ሰውዬ ስም ማን ይነግረኛል? ሊካ ሞቪላ ይባላል። አምበል ነበር እሱም፣ የራሱ ቡድን አምበል። ቡካሬስት ውስጥ ይሄ ታሪክ ሲወራ የሚሳቅ አይመስለኝም።

አንድ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ጓደኛ አለኝ፣ ከእሱ ጋር በዚህ ጉዳይ ተጨቃጭቀን አናባራም። እሱ ዘንድ ሮይ ኪን ማለት ቱሪን ነው። ሚያዝያ 1999፣ ጁቬንቱስ በ11 ደቂቃ ውስጥ በኢንዛጊ ሁለት አግብቶ እየመራ፣ ኪን በግንባሩ አንዱን መለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ፍጻሜውን የሚያስቀረው ቢጫ ካርድ መጣበት፤ ከዚያ በኋላም ምንም እንዳልተፈጠረ ተጫወተ፣ 3 ለ 2 አሸነፉ። እዚህ ላይ እጄን እሰጣለሁ። ጥንካሬ ከተባለ ይሄ ነው። ማንንም መስበር አላስፈለገውም።

እኔ ግን ወዲያው ሃላንድን አነሳለታለሁ። የኤርሊንግን አባት፣ አልፍ ኢንግን። በ1997 ኪን ሃላንድን ሊጥል ሲል የራሱ ጉልበት ተጎዳ፣ ሃላንድም ላዩ ላይ ቆሞ እያስመሰልክ ነው አለው። በ2001 ከማንቸስተር ሲቲ ጋር በነበረው ደርቢ ላይ ኪን ብድሩን መለሰ፤ ቀይ ካርድ። በ2002 የሕይወት ታሪኩን ሲያወጣ ሆን ብሎ እንደመታው የሚያሳይ ነገር ስለጻፈ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር 5 ጨዋታና 150,000 ፓውንድ ቀጣው። የሚገርመው ከዚያ ወዲህ የመጣው ነው። ደጋፊ ሁሉ፣ የኪንም ወዳጅ የኪንም ጠላት፣ «ኪን የሃላንድን እግር ሰብሮ ከኳስ አስወጣው» ይላል። ኪን የመታው ግን ቀኝ እግሩን ነው። ሃላንድን ከኳስ ያስወጣው የግራ ጉልበቱ ነው፣ ቀድሞም ያስቸግረው የነበረው። ጓደኛዬ ይሄን ስነግረው ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። አልወደደውም። የእሱ ኪን ሰው የሰበረ ኪን ነው፣ ትንሽም እንዲቀነስበት አይፈልግም።

እንግዲህ ተራው የእኔ ቡድን ነው፣ አላመልጥም። መስከረም 21 ቀን 2003፣ ኦልድ ትራፎርድ። ቪዬራ ቫን ኒስትሮይን ሊመታ እግሩን ወርውሮ ሁለተኛ ቢጫ አይቶ ወጣ። መጨረሻ ላይ ዩናይትድ ፔናሊቲ አገኘ። ቫን ኒስትሮይ መታው፣ ኳሷ አግዳሚውን መትታ ተመለሰች። ፊሽካው ሲነፋ ማርቲን ኪዎን እጆቹን ዘርግቶ ቫን ኒስትሮይ ላይ ዘለለ። ያንን ፎቶ ያላየ የአርሰናል ደጋፊ የለም። ኪዎን 3 ጨዋታ ታገደ፣ ክለቡ 175,000 ፓውንድ ተቀጣ፣ እኛ ደግሞ ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ ዝላይ እንኮራለን።

ያንን የውድድር ዘመን ሳንሸነፍ ጨረስን፤ 26 ድል፣ 12 አቻ። ያቺ ፔናሊቲ ገብታ ቢሆን ኖሮ ያልተሸነፈ ቡድን የሚባል ነገር አይኖረንም ነበር። ያዳነን አግዳሚው ነው! ኪዎን የዘለለው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው፣ አንድ ነጥብ አላመጣልንም። የምናወራው ግን ስለ አግዳሚው አይደለም።

ሌላው የሚከብደኝ ነገር የራሳቸው የጠንካሮቹ ገላ ነው። የሊቨርፑሉ ቶሚ ስሚዝን ሰምታችኋል? አሰልጣኙ ቢል ሻንክሊ «ስሚዝ አልተወለደም፣ ከድንጋይ ካባ ነው የተፈለፈለው» ያለለት ሰው። በ1977 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ጎል አግብቷል። ኳስ ካቆመ በኋላ መገጣጠሚያዎቹ በሪህ ተበሉ፣ ያለ ምርኩዝ መሄድ አቃተው። በ1996 የኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ ቀን ዌምብሌይ ላይ ለበጎ አድራጎት አንድ ፔናሊቲ እንዲመታ ጋበዙት፣ መታ። ከዚያ ምን ሆነ? ኳስ መምታት ከቻልክማ አካል ጉዳተኛ አይደለህም ተብሎ የሚያገኘው የአካል ጉዳት ድጎማ ተቋረጠ። መጨረሻ ላይ የመርሳት በሽታ ያዘው፣ በ2019 አረፈ።

የመርሳት በሽታው የእሱ ብቻ አይደለም። በ1966 ዓለም ዋንጫ ካነሱት ውስጥ ኖቢ ስታይልስና ጃክ ቻርልተን፣ ሁለቱም በ2020 ነው የሞቱት፣ ሁለቱም በሽታው ነበረባቸው። የግላስጎው ተመራማሪዎች በ2019 ወደ 7,700 የሚጠጉ የቀድሞ የስኮትላንድ ተጫዋቾችን መዝገብ አይተው፣ በእንዲህ ዓይነት የአንጎል በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው በ3 እጥፍ ተኩል እንደሚበልጥ አግኝተዋል። ቆየት ብሎ በወጣው ጥናት ደግሞ ከሁሉም የባሱት ተከላካዮች ሆኑ። በቴስታ ሲመልሱ የኖሩት።

ይሄን ካወቅኩ ወዲህ የእንግሊዙ ተከላካይ የቴሪ ቡቸር ፎቶ እንደ ድሮው አይታየኝም። 1989፣ ስቶክሆልም፣ እንግሊዝና ስዊድን። ግንባሩ ተተርትሮ፣ ተሰፍቶ፣ በፋሻ ተጠቅልሎ ተመልሶ ገባ፣ በዚያው ጭንቅላቱ ኳስ ሲመታ አመሸ፣ ነጩ ማልያ ቀይ ሆነ። 0 ለ 0። የጀግና ፎቶ ነው፣ አልክድም። ዛሬ ግን ያንን ሰው መልሼ አስገባለሁ የሚል ሐኪም ያለ አይመስለኝም። ፕሪምየር ሊጉ ከ2021 ጀምሮ ጭንቅላቱ የተመታን ተጫዋች ከመደበኛው ቅያሪ ውጪ መቀየር ይፈቅዳል፣ ጥሩ አድርጓል።

ታዲያ «ቪዬራ ቢኖር ኖሮ» ማለቴን ልተው ነው? አልተውም። የሚናፍቀኝ ግን ለቫን ኒስትሮይ የተወረወረው እግር አይደለም። ሁለት ሰው ተጭኖት ኳሷን ጠብቆ፣ ዞር ብሎ፣ ወደፊት የሚሰጠው ያ ኳስ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚመታማ አላጣንም። ቪዬራ ለአርሰናል ለመጨረሻ ጊዜ የነካት ኳስ የትኛዋ እንደሆነች ታስታውሳላችሁ? ግንቦት 2005፣ ካርዲፍ፣ የኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ከማን ጋር? ከዩናይትድ ጋር፣ ከኪን ጋር። 0 ለ 0 አለቀ፣ ወደ ፔናሊቲ ሄደ። በረኛችን ሌማን የስኮልስን አዳነ። ኪን የራሱን አገባ። አምስተኛውንና የመጨረሻውን ቪዬራ መታው፣ ገባ፣ ዋንጫው የእኛ ሆነ።

ጓደኛዬ ይሄን ክፍል ሲሰማ ያንን ፍጻሜ ዩናይትድ ሲያጠቃ አምሽቶ ነው የተሸነፈው ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው፣ አጥቅተውናል። በሚቀጥለው ክፍል ስለ በረኞች እናወራለን፣ በቦኔቲ እጀምራለሁ። እስከዚያው ከቡድናችሁ ጠንካራ ሰውዬ ጋር የተመታውንም ስም ፈልጋችሁ ላኩልኝ። ቻው።