ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚቀሰቅስ ሕመም፦ ስም ከማግኘቱ በፊት ያሉት ዓመታት

(ምስል፦ ጨለማ ክፍል። የስልክ መብራት። ሰዓቱ ከሌሊቱ 9፡10 ይላል።)

የ26 ዓመት ወጣት ናት እንበል። የቀሰቀሳት ሕመም ነው። ከመቀመጫዋ ከፍ ብሎ፣ ወገቧ ታች፣ ከውስጥ ይጠዘጥዛታል። ገልበጥ ስትል ይብሳል። ተነስታ ክፍሏ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ቀስ በቀስ ቀለል ይላታል። ተመልሳ ትተኛለች፤ ሲነጋ ግን ጀርባዋ እንጨት ሆኖ ነው የምትነቃው። ካልሲ ለማጥለቅ እንኳ ጎንበስ ማለት ያቅታታል። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ብታገኟት ግን ምንም ያልነካት ሰው ትመስላለች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የጉዳዩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ነውና። ሐኪም ፊት የምትቀርበው ረፋድ ላይ ነው። «ጎንበስ በይ» ስትባል ትጎነበሳለች፣ «ተራመጂ» ስትባል ትራመዳለች። ሐኪሙ የሚያየው ቀን ቀን ያለችውን ሴት ነው፤ ሌሊት ላይ ያለችውን አያውቃትም። እሷም «ጀርባዬን ያመኛል» ብላ ብቻ ትወጣለች። ማስታገሻ ይታዘዝላታል፣ «እረፍት አድርጊ» ትባላለች። እረፍት ስታደርግ ደግሞ ይብስባታል።

ሐኪሙ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። የጀርባ ሕመም እጅግ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውም በሳምንታት ውስጥ የሚለቅ ነው። መጀመሪያ ያንን ማሰብ ተገቢ ነው። የሚያሳዝነው ሕመሙ 3 ወር አልፎ፣ ዓመት ደፍኖ፣ ያው የመጀመሪያ ግምት ሳይፈተሽ ሲቀጥል ነው።

(ምስል፦ የጀርባ አጥንት ሥዕል። የታችኛው ጫፍ ከዳሌ አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቀስ እያለ ይቀላል።)

ብግነት ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነው። ቁስል ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲሞቅ የምናየው እሱን ነው። አክሲያል ስፖንዲሎአርትራይተስ በሚባለው ሕመም ግን የመከላከያው ኃይል ያለ ቁስል ይነሳና የራስን አካል ይነካል። የሚጀምረውም ብዙውን ጊዜ የጀርባ አጥንትና ዳሌ በሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው። ከሥጋ በታች ጥልቅ ስለሆነ እብጠቱም መቅላቱም ለዓይን አይታይም። ይህ ሕመም ስም እስኪያገኝ ድረስ በአማካይ 7 ዓመት ገደማ ይወስዳል። ቁጥሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ 7 ዓመት ግን ሰው ትምህርት ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ ትዳር መሥርቶ፣ ልጅ ወልዶ የሚያሳልፈው ዕድሜ ነው። በሽታው ደግሞ የሚጀምረው በወጣትነት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ዓመት በፊት ነው።

ለምን ሌሊት? የጡንቻ ሕመም ሲያርፉ ይሻለዋል። የብግነት ሕመም ግን እረፍትን አይወድም፤ መገጣጠሚያው ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ይታሰራል። ብግነትን የሚያበርደው ኮርቲሶል የተባለው የሰውነታችን ሆርሞንም እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅተኛው መጠኑ ላይ ይሆናል፤ ወደ ንጋት ነው መልሶ ከፍ የሚለው። ስለዚህ አንድ ሰው «ስተኛ ያመኛል፣ ስንቀሳቀስ ይሻለኛል» ሲል ሰነፍ ወይም ቅዠታም አይደለም። ከማንኛውም የላቦራቶሪ ወረቀት በፊት የሚመጣ የሕክምና ማስረጃ እየሰጠ ነው።

ወደ ወረቀቶቹ እንምጣ፤ ብዙ ሰው ልቡ የሚሰበረው እነሱ ላይ ነውና። ኤክስሬይ ይነሳል፦ «ምንም የለም»። ኤክስሬይ የሚያሳየው ብግነቱን ሳይሆን ብግነቱ አጥንት ላይ ጥሎት ያለፈውን ጉዳት ነው። ያ ጉዳት እስኪታይ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ከነጭራሹ አይታይም። በማግኔት ኃይል የውስጥ አካልን የሚያነሳው ኤምአርአይ ብግነቱን ቀደም ብሎ ሊያሳይ ይችላል፣ ግን ትክክለኛው ቦታ ላይ ማለትም የጀርባ አጥንትና ዳሌ የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ላይ ሲነሳ ነው። ወገብ ብቻ ተነስቶ «ንጹሕ ነው» የተባለ ስንቱ ይሆን? ብግነትን የሚጠቁመው ሲአርፒ የተባለው የደም ምርመራም በዚህ ሕመም ከሚሠቃዩት ብዙዎቹ ላይ ልክ ሆኖ ይገኛል። ኤችኤልኤ ቢ27 የተባለው በዘር የሚተላለፍ ምልክት ከበሽታው ጋር መያያዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። እሱም ቢሆን ብቻውን አይፈርድም። ምልክቱ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ አይታመሙም፤ የሌለባቸው ደግሞ ሊታመሙ ይችላሉ።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ኤምአርአይ ላይ ዲስክ፣ ማለትም በጀርባ አጥንቶች መሐል ያለው ትራስ፣ ወጣ ብሎ ይታይና «በቃ፣ ምክንያቱ ተገኘ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ ጥናት ጀርባቸውን ጨርሶ የማያማቸውን 98 ሰዎች በኤምአርአይ አይቶ ነበር። ከመቶ 52ቱ ላይ ቢያንስ አንድ ዲስክ ወጣ ብሎ ተገኝቷል። ምስሉ ላይ የታየ ነገር ሁሉ የሕመሙ ባለቤት አይደለም ማለት ነው። የተሳሳተ ስም የያዘ ሰው ፍለጋውን ያቆማል፤ ለእኔ ይህ ስም ከማጣትም የከፋ ነው።

(ምስል፦ ሦስት በሮች። አንዱ ላይ ዓይን፣ አንዱ ላይ ተረከዝ፣ አንዱ ላይ ጀርባ ተስሏል።)

ታሪኩ ብዙ ጊዜ ተበጣጥሶ ነው የሚቀመጠው። ያቺ ወጣት ከሁለት ዓመት በፊት ዓይኗ ቀልቶ፣ ብርሃን ማየት አቅቷት የዓይን ሐኪም ጋ ሄዳ ነበር። በዓመቱ ተረከዟን አሟት «ጫማሽን ቀይሪ» ተባለች። ሦስቱንም በአንድ ክር ያሰረላት ሰው የለም። ዓይን ውስጥ የሚነሳ ብግነት፣ ጅማት ከአጥንት ጋር የሚጣበቅበት ቦታ ሕመም፣ ሶርያሲስ የተባለው የቆዳ በሽታ፣ የአንጀት ብግነት፤ እነዚህ ሁሉ ከዚህ የጀርባ ሕመም ጋር ዘመዳሞች ናቸው። እሷ ግን ዓይኗ ለጀርባዋ ጉዳይ ይሆናል ብላ በምን ታስብ? ሴት መሆኗም መንገዱን ያረዝመዋል። በሽታው ለረጅም ጊዜ የወንዶች ተደርጎ ሲታይ ስለኖረ፣ ሴቶች ስሙን እስኪያገኙ በአማካይ የበለጠ ይጠብቃሉ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እሷ እኮ አልደበቀችም። ተናግራለች፣ ደጋግማ ተናግራለች። የተደበቀው በሽታው ነው።

ከምርመራው ይልቅ የሚያደክመው አንዳንዴ የሰው ዓይን ነው። «ትናንት ደህና አልነበርሽ እንዴ?» «ሐኪሙ ምንም የለም ካለ ታዲያ ምን ሆነሻል?» ይህ ሲደጋገም ሰው ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። ሕመሟን ለመናገር ታፍራለች፣ ግብዣ ትሸሻለች፣ ሥራ ቦታ ላይ እንዳትታወቅ ወንበሯን ይዛ ትነሳለች። እንቅልፍ ማጣቱ ሕመሙን ያብሳል፣ ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳል። ለዓመታት ያልተቋረጠ ሕመም የነርቭ ሥርዓቱንም ይለውጠዋል፤ ነርቮች ንቁ ይሆኑና ቀድሞ የማያም ነገር ማመም ይጀምራል። ይህ የአካል ለውጥ እንጂ ምናብ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 የሕመምን ትርጉም ሲያሻሽል አንድ ሰው «አመመኝ» ሲል ቃሉ ሊከበር እንደሚገባ በግልጽ ጽፏል። እባካችሁ፣ ይህን ለምትወዱት ሰው አሳዩት።

ስም እስኪመጣ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት መጻፍ። ለሁለትና ሦስት ሳምንት፣ አጭር አድርጋችሁ፦ ስንት ሰዓት ላይ ቀሰቀሰኝ፣ ጠዋት ተሳስሬ ስንት ደቂቃ ቆየሁ፣ ምን ሳደርግ ለቀቀኝ፣ ከቀኝ መቀመጫ ወደ ግራ ተዛወረ ወይ። ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆይ የጠዋት መተሳሰር ለሐኪም ትልቅ መረጃ ነው። እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ታዝዞላችሁ በአንድ ቀን ውስጥ በደንብ ካሻላችሁ፣ ያንንም ጻፉ፤ መሻሉ ራሱ ምልክት ነው። ያለ ክትትል ለወራት መዋጥ ግን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። የቆዳ፣ የአንጀት ወይም የዓይን ችግር በቤተሰብ ውስጥ ካለም አትተዉት። ከዚያም የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታዎች) ሐኪም ጋ መላክ ይቻል እንደሆነ በቀጥታ ጠይቁ።

መንቀሳቀስ አታቁሙ፤ በእግር መሄድ፣ መዋኘት፣ ቀስ ብሎ መሳሳብ።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮችም አሉ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭን መሐል መደንዘዝ ካለ፣ እግር ከሰነፈ፣ ትኩሳት ከተጨመረ፣ ወይም ዓይን ቀልቶ ብርሃን ካስጠላው፣ የዚያኑ ቀን ሂዱ።

(ምስል፦ የምርመራ ክፍል። ጠረጴዛ ላይ የተጣጠፈ ደብተር።)

ስሙ ሲመጣ ብዙ ሰው ያለቅሳል። የዕድሜ ልክ በሽታ መያዙ ተነግሮት እፎይ ይላል። ከውጭ ለሚያየው ግራ ነው፤ ለዓመታት ያልታመነ ሰው ግን ይገባዋል። በዚህ ሕመም ላይ ለመጠቀም እ.ኤ.አ. በ2003 መፈቀድ የጀመሩት፣ ብግነትን የሚያቀጣጥለውን ቲኤንኤፍ የተባለ የሰውነት ንጥረ ነገር የሚያግዱ መድኃኒቶች፣ ከዚያ ወዲህ የመጡት ሌሎችም፣ በራቸው የሚከፈተው ስሙ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ነው።

ያቺ ወጣት አሁን 33 ዓመቷ ነው። አዲሷ ሐኪም ኤክስሬዩን ወደ ጎን አድርጋ፣ ወንበሯን ቀረብ አድርጋ ጠየቀቻት።

«ሌሊት ይቀሰቅስሻል?»

ደብተሯን አወጣች።